እትዬ ማንያህልሻል «አንተ» ስትለኝ

እትዬ ማንያህልሻል ማረፏን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ለጓደኛዋ፣ «ያቺ ከገበያው በታች ያለችው ባና ረጋጭ አሮጊት ሞተች አሉ» አለቻት፤ ወዲያው ደግሞ ስለ በርበሬ ማውራት ጀመረች። ክው አልኩ። እህሌን እዚያው ትቼ፣ «አንቺ ልጅ፣ አሮጊት ያልሻት ሴትዮ ስም አላት። ማንያህልሻል ትባላለች። ስትጠሪያት በስሟ ጥሪያት!» አልኳት። ልጅቷ ደንግጣ፣ «ዘመድዎ ናት እንዴ እማማ?» አለችኝ። እንባዬ ቀድሞኝ መጣና ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ለቅሶው ላይ ደግሞ የባሰ ሰማሁ። አንዱ ባሏን በጥይት ልትመታው ነበር ይላል። ሌላው ተቀብሎ ውሽማ ነበራት፣ ውሽማዋን ባሏ አስገደለው ይላል። ምነው ሸዋ! ሰው አፈሩ ሳይደርቅ እንዲህ ይዋሻል? ያውም እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ! ውሽማዋ ነው የተባለው ሰው እኮ እኔ ነኝ። ሊገደል የነበረውም እኔው ነኝ። እንግዲህ እኔም ሳልከተላት እንደነበረው አድርጌ ልናገረው።

ደብረ ብርሃን የገባሁት ከደነባ ተድሬ፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው። ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ባሌ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ጣርማ በር ዋሻው አካባቢ ድንጋይ ሲፈልጥ ይከርማል፤ ብቅ የሚለው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። ቤታችን ከእትዬ ማንያህልሻል ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። በመጀመሪያው ቀን እሳት ልለምን ሄድኩና እናቴ እንዳስተማረችኝ አጎንብሼ፣ «እንደምን አደሩ እትዬ» አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማነው ስምህ?» አለችኝ።

ሌላ ሰው የምታናግር መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

«አንተን እኮ ነው! ስምህ ማነው?»

«ዘነበች።»

«እንግዲህ ዘነበ፣ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ። አንቺ በለኝ። እሳቱንም ውሰድ፤ ነገ ደግሞ ሳትለምን ግባ።»

እንዲህ ናት። የወደደቻትን ሴት ሁሉ አንተ ትላለች። ስምሽ ዘነበች ከሆነ መጨረሻውን ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ዘነበ ነሽ በቃ። ያሳዘናትን ወንድ ደግሞ ጎረምሳም ይሁን ሽበታም አንቺ ነው የምትለው። አንድ ቀን የንስሐ አባቷ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው አይታ፣ «ነይ እሳት ሙቂ አባቴ» ብላቸው፣ ሰውዬው ሲስቁ መስቀላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ። ነገሩ በእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ እናት ልጇን ስታቆላምጥ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። እትዬ ግን ከቁልምጫ አሳልፋ መተዳደሪያ አደረገችው። ለምን እንዲህ እንደምትል ብጠይቃት፣ «አንቺ ሲሉህ ጎንበስ ትላለህ፣ አንተ ሲሉህ ቀና ትላለህ። ይኸው፣ አሁን እንኳ ቀና አልክ» አለችኝ። እውነትም ቀና ብዬ ነበር።

ሥራዋ ባና ነው። የበግ ጠጉር ትገዛለች፣ ታጥባለች፣ ታፍታታለች፣ ትፈትላለች። ሸማኔው ሠርቶ ሲመልስላት ደግሞ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ መርገጥ። ያላየ ሰው ባና ከሸማኔ እንደወጣ የሚለበስ ይመስለዋል። ከሸማኔ የወጣ ባና ወንፊት ነው፣ የደብረ ብርሃን ንፋስ ይሳለቅበታል። መሬት ላይ ትዘረጊውና፣ ሙቅ ውሃ እያፈሰስሽ፣ ቀሚስሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ በባዶ እግርሽ ትወጪበታለሽ። ከዚያ ርገጪ ነው! ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ውሃ አላሳልፍ እስኪል ድረስ። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ ሁለት ሆኖ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ነው የሚረገጠው። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ዘነበ፣ ተረከዝህን አትስረቀኝ! ጣትህ ብቻ ነው የሚሠራው!» እያለች ትጮህብኛለች። የእሷ ባና ከሰላ ድንጋይ እስከ አንኮበር በስሟ ይጠየቃል። ሰው ገልብጦ እያሳየ፣ «የማንያህልሻል ነው» ሲል ስሰማ እኔም የረገጥኩበት ነውና ደረቴ ይነፋል።

ባሏ ባሻ ተሰማ ይባላል። ነጋዴ ነው፤ አልዩ አምባ ገበያ እየወረደ ጨውና በርበሬ በበቅሎ ያስጭናል። ቁመናው ያማረ፣ ሰው ፊት ጨዋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጪ። የቤት ቅናቱ ግን የጤና አይመስልም። ሸማኔው ባና ሊያስረክብ ሲመጣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያቀብላል እንጂ አይገባም። የአጎቷ ልጅ ከሰላ ድንጋይ ሊጠይቃት ቢመጣ ደጅ ላይ ጠላ ቀምሶ ተመለሰ። ወንድ ብቻ ደግሞ አይምሰላችሁ፤ ሴት ጎረቤትም አይወድም። «ውሽማ የምታገናኘው ሴት ናት» ይላል። እሱ ሲገባ የእኛ ጨዋታ ያበቃል፣ እኛም በጓሮ ውልቅ። እሷም አንገቷን ደፍታ «እርስዎ» እያለች እግሩን ታጥባለች። ስለዚህ ሚስቱ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትስቅ፣ ማንን ምን ብላ እንደምትጠራ አንድ ቀን ሰምቶ አያውቅም። የጉዱ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የሚገርመው ራሱ አንኮበር ላይ ውሽማ አለችው። «አልዩ አምባ ስወርድ ማደሪያዬ ናት» ይላል እንጂ ከተማው በሙሉ ያውቃል። እትዬም ታውቃለች። አንድ ቀን እየፈተልን ሳለ፣ «አይከፋሽም?» አልኳት።

«የአንኮበር ዳገት ጉልበቱን ይጨርስልኛል። እዚህ ሲደርስ የሚፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው። ምን ጎደለብኝ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልሄደም። እንዝርቷን አቁማ፣ «የምፈራው ለቤቴ ነው ዘነበ» አለችኝ። «ያቺ ሴት ደብረ ብርሃን መግባት ትፈልጋለች። ይሄን ቤት አባቴ በእጁ ነው ያቆመው፤ ባሻ በቅሎውን እየጎተተ ነው የገባበት። እኔ ከዚህ ቤት ሬሳ ሆኜ ካልሆነ አልወጣም።»

ሚስት ስትማግጥ ከተያዘች ከቤቷ በባዶ እጇ እንደምትባረር ሁላችንም እናውቃለን። ባሻም ያውቃል።

አንድ ሐሙስ ባሻ «አንኮበር እሄዳለሁ» ብሎ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። ከከተማው ዳር በቅሎውን አስሮ ተመለሰና ከቤቱ ጀርባ ከግድግዳው ሥር ተለጠፈ። ይሄን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ከገዛ አፉ ነው። እትዬ ለሠርግ የታዘዘ ባና ደርሶባታል። ባሏ መውጣቱን አይታ በአጥሩ ላይ፣ «ዘነበ! አንተ ዘነበ! ሄዷል፤ ና ቶሎ!» ብላ ተጣራች። እኔም ሮጬ ገባሁ። ድምፄ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎርናና ነው፤ ደነባ ሳለሁ ከአጥር ማዶ ስናገር አባቴን የሰሙ የሚመስላቸው ነበሩ። እስቲ ከግድግዳው ማዶ የቆመው ቀናተኛ የሰማውን አስቡት።

«በሩን ዝጋው፤ ብርድ ያስገባል።»

«ዘጋሁት።»

«ልብስህን ሰብስብ። እግርህን ታጠብና ና ውጣ።»

«ዛሬ እንኳ ወገቤን አሞኛል።»

«አታላግጥ! ባለፈውም እንዲህ ብለህ ጀምረህ አልበቃኝም ያልከው ማን ነው? በል ጠበቅ አርገህ ያዘኝ። ቀስ... ቀስ በል... እሰይ፣ እንዲያ!»

ከዚያ የሁለታችን ማለክለክ፣ ሳቅ፣ የመሬቱ ድው ድው። አይ ባሻ! ሌላ ባል ቢሆን በሩን ገንጥሎ ይገባና ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ሁለት ሴቶች እርጥብ ጠጉር ላይ ሲዘሉ አይቶ፣ አፍሮ ይወጣ ነበር። ባሻ ግን ፈሪ ነው። ዘነበ የተባለው ሰው በድምፁ ብቻ አስፈራው። ቀስ ብሎ ከግድግዳው ተላቆ እውነትም አንኮበር ሄደ። እዚያ ምክሩ ከማን አፍ እንደወጣ እግዜር ይወቅ። ይዞት የተመለሰው ግን ይሄ ነው፦ ዘነበ በእትዬ ደጃፍ ላይ ይገደላል፤ ዳኛና ሽማግሌ ባለበት ሬሳው ይገኛል፤ እሷ ማጋጭ ተብላ ትባረራለች፤ የአንኮበሯ ትገባለች።

በዚያ ሰሞን ባሻ በከተማው ያሉትን ዘነበዎች ሁሉ በጎሪጥ ሲያይ ሰነበተ። የወፍጮ ቤቱ ዘነበ ያ ምስኪን ሰላም ቢለው ፊቱን አዞረበት። ሰውዬው እኔ ዘንድ መጥቶ፣ «ባሻን ምን በድዬው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔስ ምን አውቄ!

ገዳይ አድርጎ የያዘው ሸዋንግዛው የሚባል የጣርማ በር ሰው ነው። በጎቹን በሽታ ፈጅቶበት ባዶ እጁን የቀረ፣ ከስቶ አጥንቱ የወጣ። ባሻ የራሱን ምንሽር አስይዞት፣ «ሥራውን ከሠራህ ጠመንጃው ያንተ ነው» አለው። «ቅዳሜ እኔ ገበያ እውላለሁ። ሚስቴ ዘነበ ብላ የምትጠራው ሰው ይገባል። ሲወጣ ደጃፉ ላይ በለው። ተኩሱን ስሰማ ሰው ይዤ እደርሳለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ገና አልተገለጠም። እትዬ አመድ ልትደፋ ስትወጣ አጥሩ ሥር ኩርምት ያለ ሰው አየች። ጠመንጃውን አይታ ይሁን ሳታይ ብዬ ኋላ ጠይቄያት ነበር። «ከጋቢው ሥር አፈሙዙን አየሁ፤ ከንፈሩንም አየሁ። ከንፈሩ ከሰል መስሏል» አለችኝ። ሌላ ሰው እሪ ይላል። እሷ ምን አለች?

«አንቺ! ብርዱ ይገልሻል እኮ! ነይ ግቢ፣ እሳት ሙቂ!»

ሸዋንግዛው እንደኔው ወደ ኋላው ዞሮ አየ አሉ። ከዚያ ገባ። ምን ያድርግ? ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ሲመጣ ያደረ ሰው ነው። እሳት ዳር አስቀምጣ የገብስ ቅንጬ በቅቤ ሰጠችው፤ አረቄ አስከተለች። ጠመንጃውን ጎኑ አጋድሞ ይበላል። «ብይ፣ አትፈሪ። የማን ልጅ ነሽ? ከብት አለሽ?» እያለች ትጠይቀዋለች። የበጎቹን ነገር ሲነግራት ከንፈሯን መጠጠች።

እኔ በዚህ መሃል ደረስኩ። እግሬን ሰምታ፣ «ዘነበ! ና ግባ፣ እንግዳ አለን!» አለች።

ሰውዬው ጠመንጃውን አፈፍ አደረገ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ አንዲት ቀጭን ሴት፣ መቀነቷን ያጠበቀች፣ የጠጉር ቅርጫት ያቀፈች። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ፈለገ።

«ዘነበ የታለ?» አለ።

«ይኸው ፊትሽ ቆሞ!» አለችው እትዬ።

«እመቤቴ፣ ዘነበ ሴት ናት?»

እትዬ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፤ የሰውዬው አነጋገር ያስቃል። በሳቋ መሃል ግን ዐይኗ ጠመንጃው ላይ ዐረፈ፤ ሳቋም ቀጥ አለ። የባሏን ጠመንጃ ሰደፉ ላይ ባለው የናስ ጥፍጥፍ ታውቀዋለች። እሷው ናት በየበዓሉ የምትወለውለው።

«ይሄ የባሻ ነው» አለች ዝግ ብላ። «ማንን ልትገይ ነው የመጣሽው?»

ሸዋንግዛው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ተንሰቀሰቀ። «ቅንጬሽን በላሁ፣ እሳትሽን ሞቅሁ፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ላይ እጄን ባነሳ እጄ ይቆረጥ» እያለ ሁሉንም ዘከዘከው።

ማርያምን፣ መሬቱ ላይ ቁጭ ያልኩት ሳላውቀው ነው። አሁኑኑ ጣርማ በር ባሌ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እትዬ እሳቱን ታያለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈልጌ አጣሁ፤ ንዴት ነው ያየሁት።

«ብትሄድ ዛሬ ትተርፋለህ» አለችኝ። «ነገ ደግሞ ሌላ ይልካል። እኔም ቤቴን ለቅቄ ስወጣ ሰው ሁሉ ማጋጭ እያለ ይሸኘኛል። የዚህች ሰው ቃል ብቻውን ባሻ ላይ አይቆምም፤ ሰክሮ ነው ይላል፣ ጠመንጃዬን ሰረቀኝ ይላል። ባሻ ራሱ በአፉ ይናገር።» ወደ ሸዋንግዛው ዞረች። «አንቺም ንቅንቅ እንዳትይ። ጓሮ ውጪና ወደ ሰማይ ተኩሺ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ቆዪ፤ ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተማ ሬሳ ነህ። ና ተኛ።»

ግቢው መሃል አስተኛችኝ፤ ትናንት ጀምረን ያልጨረስነውን እርጥብ ባና አምጥታ ከእግር እስከ ራሴ ሸፈነችኝ። ክብደቱ! ብርዱ! የበጉ ሽታ! ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ «ሬሳ አይንቀጠቀጥም፤ ጥርስህን ንከስ» አለችኝ። ወዲያው ተኩሱ ጮኸ። ጎረቤቱ እየተጯጯኸ ግቢው ሞላ። እትዬ ባናው አጠገብ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንገቷን ደፋች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ማን ሞተ ሲሏት ዝም።

ባሻ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ አጥቢያ ዳኛውን ግራዝማች በላቸውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ከገበያ አስከትሏል። ጠላ ልጋብዛችሁ ብሎ ነው አሉ ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገባቸው ያልጠፋው፤ ያ የአጎቷን ልጅ ደጅ ላይ ያጠጣ ሰውዬ! ከባናው ሥር ሆኜ እርምጃውን ሰማሁት። ልቤ ባናውን ታነሳዋለች ብዬ ፈራሁ።

«አያችሁ!» አለ ባሻ፤ ድምፁ ደስታውን መደበቅ አቅቶታል። «አያችሁ ወገኖቼ! ዘነበ ነው ይሄ! ቤቴን ሲያረክስ የኖረው ዘነበ! እኔ ስወጣ እየገባ፣ ከሚስቴ ጋር በሬን ዘግቶ! ይኸው እግዜር በደጄ ጣለልኝ!»



«ባሻ» አሉ ግራዝማች በላቸው። «ይሄ ሰው ተሸፍኗል። ፊቱን አላየህ፣ ማን እንደሆነ የነገረህ የለ። ዘነበ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«እኔ... ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው! ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ማን ገደለውስ?»

«እኔማ ገበያ ከእናንተ ጋር አልነበርኩም?»

እትዬ ማንያህልሻል ቀና አለች። «ዘነበ፣ ተነስ» አለችኝ።

ባናውን ገልብጬ ተነሳሁ። ፀጉሬ ረጥቦ፣ የበግ ጠጉር ከአፌ እየተፋሁ፣ በዚያ በጎርናና ድምፄ «እንደምን ዋሉ ባሻ» አልኩት። የባሻን ፊት ብታዩት! አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ባናውን፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን ያያል። መጀመሪያ የሳቀችው የአጥሩ ማዶ ባልቴት ናት፣ «ዘነበ ዘነበች ናት እንዴ! ኧረ በስመ አብ!» ብላ። ከዚያ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሸዋንግዛው ተጠርቶ ምንሽሩን ግራዝማች እግር ሥር ሲያስቀምጥና የሆነውን ሲናገር ግን ሳቁ ጠፋ። ግራዝማችም የናሱን ጥፍጥፍ ዳስሰው፣ «ይሄንን ጠመንጃ በየጥምቀቱ ትከሻህ ላይ አየዋለሁ» አሉት። ባሻ ጠመንጃውን ሊነጥቅ ሲንደረደር እትዬ፣ «በሕግ አምላክ!» አለች። ባለበት ቆመ። ያን ጊዜ ነው ሐሙስ ዕለት ግድግዳ ሥር የሰማውን እየለፈለፈ ራሱን ያስያዘው።

«አንተ ስትለው በጆሮዬ ሰምቼ ነው!» ይላል ደጋግሞ። «አንተ፣ ና፣ ውጣ እያለች!»

«እኔ አንተ የምለው የምወደውን ነው» አለችው። «ከተጋባን ጀምሮ እርስዎን አንድ ቀን አንተ ብዬዎት አውቃለሁ?»

ይሄን ስትለው ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ሰውዬው ከተኩሱ ይልቅ በዚህ የተመታ መሰለኝ።

አሁን ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ዋናው ገና ነው። ሽማግሌዎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ደም አልፈሰሰም። ቅናት ከፍቅር ነው፤ ታረቁ። ይቅር በይውና ቤትሽን ያዢ።» እግዜር ያሳያችሁ! እትዬ ተነስታ እጅ ነሳች።

«አባቶቼ፣ ሰው ሊያስገድልብኝ ከተነሳ ባል ጎን አልተኛም። እንድትፈርዱልኝ የምፈልገው አንድ ነው። ቤቱ የአባቴ ነው። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ እሱ ይውጣ።»

ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕግ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። «የግድያውን ነገር ወረዳ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ባሻም ይሄም ሰውዬ እዚያ ይቀርባሉ» አሉ፤ እውነትም ቀርበው የየድርሻቸውን አግኝተዋል። «ቤቱን በተመለከተ ግን፣ ሴት ብቻዋን ከባሏ ንብረት ላይ ስትቀመጥ ዋስ ያስፈልጋታል። ነገሩ እስኪቆረጥ ንብረቱን እንዳታሸሽ፣ በቀጠሮው እንድትቀርብ። ዋስ ጥሪ። ዋስ ካጣሽ ቤቱ ይታሸግና ወደ ዘመዶችሽ ሰላ ድንጋይ ትሄጃለሽ።»

ባሻ ይሄን ሲሰማ ቀና አለ። የታሸገ ቤት በኋላ ለማን እንደሚከፈት ያውቀዋል።

እትዬ በግቢው የቆመውን ወንድ ሁሉ አየች። በባናዋ የሚሞቁ ሰዎች ናቸው። ሸማኔው መሬት መሬቱን አየ። የወፍጮው ዘነበ አሳለ። የሌላው ሚስት ጎኑን ትጎስመዋለች፣ እሱ ግን ከባሻ ወንድሞች ጋር መጣላት አልፈለገም። አንድም ወንድ ወደ ፊት አልወጣም። ከገዳይ ያልሸሸችው ሴት ያን ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ሁሌ የምትፈራው ነገር ይኸው ደረሰ።

«እኔ ዋስ እሆናታለሁ!» አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ልጄ፣ ሴት ለሴት ዋስ ትሆናለች እንዴ? ባልሽን ጥሪ።»

«ባሌ ጣርማ በር ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ዋስነት የወንድ ነው።»

እትዬ ማንያህልሻል ያን ጊዜ ወደ መሃል ገባች። እጄን ይዛ አብራ ጎተተችኝ። እርጥብ ነኝ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ የሷ እጅ ግን ትኩስ ነበር።

«ግራዝማች» አለች፣ አሁን ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማል። «ይቺን ሴት ዛሬ ጠዋት ወንድ ናት ብለው ሰው መደቡባት። ጠመንጃ አጎረሱላት። እናንተንም ባሻ የወንድ ሬሳ ሊያሳያችሁ ነው ከገበያ ያመጣችሁ። ለጥይቱ ጊዜ ወንድ ሆና ከተቆጠረች፣ ለዋስነቱ ጊዜ በምን ሴት ሆነች?»

ግራዝማች በላቸው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩና ከት ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ቃልሽን ስጪ» አሉኝ።

«ማንያህልሻል ንብረት ብታሸሽ እኔ እጠየቃለሁ፤ በቀጠሮው ባትቀርብ እኔ እቀርባለሁ» አልኩ። ይሄ ጎርናና ድምፄ ያን ዕለት አላሳፈረኝም።

«ዋስ ተቀብለናል» አሉ ግራዝማች። «ባሻ፣ ከቤቱ ውጣ።»

በሕይወቴ ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም፤ የኮራሁትም ከራሴ ይልቅ በእሷ ነው። ባሻ ኩታውን አደግድጎ ወደ አጥሩ በር መጣ። እኔ በሩ መሃል ቆሜያለሁ፤ ልብሴ ይንጠባጠባል። እንድለቅለት ጠበቀ። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። በጠባቡ በኩል፣ በጎን ሆኖ ተሽሎክልኮ አለፈ።